ለአላዋቂ ሳሚ ጥብቅና

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ብለው አበው ፈርደዋል። ፍርዱ እስከ ዛሬ ይግባኝ ሳይባልበት ኖሯል። እኔ ያለ ውክልናና ያለ አበል ይግባኙን ላቀርብ ተነስቻለሁ።

ከፍሬ ነገሩ ልጀምር። ተከሳሹ ስሟል፤ ይህ አልተካደም። እንግዳ መጣ፣ ተንደርድሮ ሄደ፣ አንገት አቅፎ ሳመ። በዚያች ሰዓት አዋቂው ሳሚ የት ነበር? በሩ አጠገብ ቆሞ የቀኙ ጉንጭ ይቅደም የግራው፣ ሦስት ጊዜ ይሁን አራት፣ ወይስ ትከሻ ለትከሻ ይበቃ እንደሆነ ያመዛዝን ነበር። እሱ ሲያመዛዝን እንግዳው ገብቶ ተቀመጠ። ንፍጥ በመሐረብ ይጠረጋል፤ ሳይሳም የተቀመጠን እንግዳ ግን አስነስቶ የሚስም የለም።

የብቃት ማስረጃዬንም ላቅርብ። ሕግ አልተማርኩም፤ ሥነ ልቦናም አልተማርኩም። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም። ስለ አለማወቅ የሚያውቅ ሰው ቢከራከር የጥቅም ግጭት ይኖርበታል። እኔን ከደንበኞቼ የሚለየኝ ነገር የለም።

ክሱ በዘመናዊ መልኩ የተመሠረተው በአውሮፓውያኑ 1999 ነው። ከሳሾቹ አሜሪካ አገር፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበሩት ጀስቲን ክሩገርና ዴቪድ ደኒንግ ናቸው። ተማሪዎችን ሰብስበው በቀልድ፣ በአመክንዮና በእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈተኗቸው። ከዚያም «ከሌሎቹ ጋር ስትወዳደሩ የት ላይ ያላችሁ ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁ። ከታች የቀሩት ሩብ ያህሉ በአማካይ ከመቶ ሰው 12ቱን ብቻ የሚበልጡ ሆነው ሳለ፣ 62ቱን እንበልጣለን ብለው ገመቱ። የከሳሾቹ ማብራሪያ አጭር ነው፦ አንድን ሥራ ደኅና አድርጎ ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕውቀትና ሥራው መበላሸቱን ለማየት የሚያስፈልገው ዕውቀት አንድ ነው። ሰዋስው የሌለው ሰው ይሳሳታል፤ መሳሳቱን የሚያይበት ዓይንም ያው የሌለው ሰዋስው ነው።

ይህን እንደ ጉድለት አቀረቡት። እስቲ በሰከነ መንፈስ እንየው። ሰውየው ሥራውን አበላሸ፤ ይህ አንድ ጉዳት ነው። ማበላሸቱን ቢያውቅ ግን ሁለተኛ ጉዳት ይጨመርበታል፤ ያዝናል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ እህል አልወርድ ይለዋል። ተፈጥሮ በጥበቧ አንደኛውን ስትሰጠው ሁለተኛውን አስቀረችለት። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ያለበት አሠራር በየትኛውም መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም።

ደግሞ ከፍተኛ ነጥብ ያመጡትም ተሳስተዋል። ለእነሱ የቀለላቸው ለሁሉም የቀለለ መስሏቸው ደረጃቸውን ዝቅ አድርገው ገመቱ። እንግዲህ ከላይ ያለውም ተሳሳተ፣ ከታች ያለውም ተሳሳተ። ስሙ የጠፋው ግን የታችኛው ብቻ ነው። አድልዎ ማለት ይኸው ነው።

የቀልዱ ፈተና በተለይ ይመርመርልኝ። ከሳሾቹ 30 ቀልዶች አሰባስበው፣ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚያስቅ እንዲመዝኑላቸው ለባለሙያ ቀልደኞች ላኩ። ስምንቱ መለሱ። የእነሱ ሚዛን የመልስ ቁልፍ ሆኖ ተማሪዎቹ በዚያ ታረሙ። ነገር ግን ከስምንቱ የአንዱ ነጥብ ከሌሎቹ ጋር አልገጥም አለ። ተመራማሪዎቹም የዚህን ሰው ነጥብ አውጥተው በሰባቱ ብቻ ሠሩ። ልብ በሉ፤ ሰውየው በማሳቅ እንጀራውን የሚበላ ነው። ከስምንቱ የትኛው እንደሆነ አልተጻፈም፤ ከፍርዱ በፊት ቃሉን አልሰጠም፤ ምናልባትም እስከ ዛሬ አልሰማም። ባለሙያ ቀልደኛ ቀልድ አይገባውም ተብሎ ከቀልድ ጥናት ሲባረር፣ መባረሩ ራሱ ከሠላሳዎቹ ቀልዶች ሁሉ የሚያስቅ ሆኖ ሳለ አንድም ነጥብ አልተያዘለትም። ይኸው ጥናት በ2000 የኢግ ኖቤል ሽልማትን አግኝቷል፤ መጀመሪያ ለሚያስቅ፣ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ሥራ የሚሰጥ ሽልማት ነው። የተባረረው ቀልደኛ ድርሻው ስንት እንደሆነ የጠየቀለት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ምስክሬ ልሂድ። ከሳሾቹ ጽሑፋቸውን የከፈቱት ማክአርተር ዊለር በተባለ ሰው ነው። ዊለር በ1995 በፒትስበርግ ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጭምብል ሳያደርግ ሁለት ባንክ ዘረፈ። ጭምብል ያላስፈለገው ፊቱን የሎሚ ጭማቂ ተቀብቶ ስለነበር ነው። ሎሚ ለማይታይ ጽሑፍ ቀለም እንደሚሆን ሰምቷል፤ ወረቀቱ እሳት እስካልነካው ድረስ ጽሑፉ አይነበብም። እንግዲህ ፊትም ሎሚ ከተቀባ፣ ሰውየው ወደ እሳት እስካልተጠጋ ድረስ፣ ካሜራ ምን ሊያነብ ይችላል? የባንኩ ካሜራ ያነሳው ምስል በማታ ዜና ታየ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዊለር ተያዘ። ፖሊሶች ቴፑን ሲያሳዩት ተገርሞ፣ ሎሚውን ተቀብቶ እንደነበር አስታወሳቸው።

መሳቅ ቀላል ነው። ይህ ሰው ግን መላ ምት ነበረው። መላ ምቱንም ዝም ብሎ አላመነም፤ ከዝርፊያው በፊት ፊቱን ቀብቶ በፖላሮይድ ካሜራ ራሱን አንስቷል፣ በፎቶውም ላይ አልታየም ተብሏል። ፊልሙ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ወይም ካሜራውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሮት ይሆናል ተብሎ ተገምቷል። ገማቾቹ ሎሚ አልተቀቡም። ጭማቂው ዓይኑን እያቃጠለው ለመላ ምቱ የቆመውን ሰው፣ በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚገምት ሊያስተምረው አይችልም። ሙከራውንም በአንድ ባንክ ብቻ አላበቃም፤ ሁለተኛ ባንክ ሄዶ ደግሞታል። ሳይንስ ከዚህ የተለየ ምን ይጠይቃል? ውጤቱ ሲደገም ያው መሆን አለበት፤ በሁለቱም ባንክ ያው ሆነ።

የውጭውን ትተን ወደ ቤታችን እንምጣ። መገናኛ አጠገብ አንዲት ቪትዝ ቀጥ ብላ ቆመች። ሾፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ኮፈን የከፈተ ሰው እኛ አገር ብቻውን አይቆይም። መጀመሪያ የደረሰው ሎተሪ አዟሪው ነበር፤ አጎንብሶ አየና «ባትሪ ነው» አለ። «የምን ባትሪ፣ ካንዴላዋ ነው እንጂ!» አለ ሊስትሮው፣ ብሩሹን እንደያዘ። ከባንክ የወጡ፣ ከረባት ያሰሩ ሰውዬ ሁለቱን ገለል አድርገው ገቡ፤ «ልቀቁ ልጆች። ይሄ የነዳጅ ፓምፕ ነው። የእኔም እንዲህ ሆና ታውቃለች» አሉ። የእሳቸዋ መኪና ከዚያ በኋላ ምን ላይ እንደደረሰች የጠየቃቸው የለም። ካቻቢቴው ከየት እንደመጣ አልታወቀም። ፒንሳም መጣ። የሚፈታው ተፈታ፣ ተነፋ፣ በከረባቱ ሰውዬ መሐረብ ተጠረገ፣ ተመልሶ ተገጠመ። አንድ ብሎን ተረፈ። ሊስትሮው ብሎኗን በእጁ መዳፍ አድርጎ «ያዛት ጋሼ፣ ትርፍ ናት» ብሎ ለሾፌሩ አስረከበው። ፋብሪካው ሳያስፈልግ ያባከነውን ብረት አንድ የመንገድ ዳር ጉባኤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ለየው።

በስልክ የተጠራው መካኒክ የደረሰው ይሄኔ ነው። ቱታ የለበሰ ጎረምሳ ነው። ሁሉም በአንድ አፍ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» አሉት።

«ሳላየው ምን አውቄ?» አለ።

ሕዝቡ ተያየ። ባለሙያ ተብሎ፣ ገንዘብ ሊከፈለው የመጣው ሰው ከሁሉም ያነሰ የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። ከረባት ያሰሩት ሰውዬ «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ይሄን ሥራ ተምረኸዋል?» ብለው ጠየቁት፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ልጁ አልመለሰላቸውም። ብሎኗን ተቀብሎ ወደ ቦታዋ መለሰ፤ የተገጠመውን መልሶ ፈታ፤ አንዲት የላላች ሽቦ አጠበቀና «አስነሳው» አለ። መኪናዋ ተነሳች። ሎተሪ አዟሪው፣ ሊስትሮውና የባንኩ ሰውዬ እኩል «አላልኩህም!» አሉ። ከዚህ የበለጠ ብሔራዊ መግባባት የት ይገኛል?

ስለ መኪና ካነሳን አይቀር፣ ኦላ ስቬንሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ በ1981 ባወጣው ጥናት ሾፌሮችን ስለ ችሎታቸው ጠይቆ ነበር። ከአሜሪካውያኑ 93 በመቶው፣ ከስዊድናውያኑ 69 በመቶው ራሳቸውን ከተሻለው ግማሽ ውስጥ አስቀመጡ። ግማሽ ውስጥ 93 በመቶ አይገባም ይላል ሒሳብ። ሒሳብ ግን ታክሲ ነድቶ አያውቅም። እኔን ያሳሰበኝ የቀሩት 31 በመቶ ስዊድናውያን ናቸው። ከመካከለኛው አልበልጥም ብሎ የሚያምን ሰው እንዴት አድርጎ መሪ ይጨብጣል? እንዴትስ አደባባይ ውስጥ ይገባል? እኛ ዘንድ ይህ ችግር የለም። ወደ ኋላ የሚመጣ መኪና ባየን ቁጥር፣ መንጃ ፈቃድ ኖረንም አልኖረንም፣ ከኋላው ቆመን «ና፣ ና፣ ና፣ ና!» እንላለን። «በቃ!» የምትለዋም ከግጭቱ ድምፅ ጋር እኩል፣ ያለ አንዲት ሰከንድ መዘግየት ትወጣለች።

አሁን ከባዱን ነጥብ አነሳለሁ። ከሳሾቹ በአራተኛው ጥናታቸው አንድ ነገር ሠርተዋል፤ ይቅር የሚባል አይደለም። በአመክንዮ ፈተና ወድቀው በራሳቸው ተማምነው የተቀመጡ ተማሪዎችን ወስደው አጭር ሥልጠና ሰጧቸው። ተማሪዎቹ ተሻሻሉ። ሲሻሻሉ ግን ቀድሞ የሠሩትን መለስ ብለው አዩት፤ ስህተታቸውም ታያቸው፤ ለራሳቸው የነበራቸውም ግምት ወረደ። በራሳቸው ደስ ብሏቸው የገቡ ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ካሳ ስለመከፈሉ ጽሑፉ ምንም አይልም። በሰዋስው ጥናት ላይ የነበሩት የበለጠ ጽናት አሳይተዋል፤ ከእነሱ የተሻሉ ልጆች የሠሩትን ወረቀት አሳይተዋቸው እንኳ ግምታቸውን ዝቅ አላደረጉም። ሰው ማስረጃ ሲቀርብለት አቋሙን ካልለወጠ፣ ባለ አቋም ይባላል።

በየል ዩኒቨርሲቲ ሮዘንብሊትና ኬይል በ2002 ያወጡት ሥራም ከዚህ አይሻልም። ሰዎችን ዚፕ እንዴት እንደሚሠራ፣ የመጸዳጃ ቤት ውሃ እንዴት እንደሚለቀቅ ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ፣ በሚገባ፣ አሉ። «እንግዲያው ደረጃ በደረጃ አስረዱን» ሲባሉ ግን መንገድ ላይ ቀሩ፤ ራሳቸውን እንደገና ሲመዝኑም ነጥባቸውን ቀነሱ። ከዚህ የምንረዳው ማስረዳት የዕውቀት ጠንቅ መሆኑን ነው። እስኪያስረዳ ድረስ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ዘፋኟን ፍሎረንስ ፎስተር ጄንኪንስን ግን ማንም አላሠለጠናትም ብል ሐሰት ይሆንብኛል፤ ሙዚቃ ተምራለች። ትምህርቱ አላሸነፋትም። ድምጿ ከዜማው ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፤ እሷ ግን ለኦፔራ ከተጻፉት ዜማዎች ከባዶቹን እየመረጠች ትዘፍን ነበር። በጥቅምት 1944፣ በ76 ዓመቷ፣ በኒውዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ቆመች። ትኬቱ አልቆ፣ ሰው በር ላይ ተመልሷል። በዚያው ዘመን ድምፃቸው የተቃና ስንት ዘፋኞች ሳልና ጉንፋን እየፈሩ ቤታቸው ቀርተዋል! ሰርግ ላይ ማይኩን ነጥቀው የማይመልሱ አጎቶቻችን ሁሉ የመንፈስ እናታቸው ናት። አጎቶቻችን ይህን አያውቁም፤ ባለማወቃቸውም ሥራቸው አልተስተጓጎለም።

ለፍትሕ ስል የተቃራኒ ወገን ማስረጃ ደካማ መሆኑንም ልግለጽ። በ2002 ዮአኪም ክሩገር የተባለ ሌላ ተመራማሪ፣ የከሳሹ የጀስቲን ክሩገር ሞክሼ ማለት ነው፣ ከሥራ ባልደረባው ጋር ሆኖ ተነሳ። ነገሩ በአብዛኛው የስታቲስቲክስ ጠባይ ነው አለ፦ ከታች ያለ ሰው ሲሳሳት ወደ ላይ ነው የሚሳሳተው፣ ከዚያ በታች ቦታ የለማ! ከዚያም ላይ ሰው ሁሉ ራሱን ከአማካዩ ትንሽ ከፍ ማድረጉን ጨምሩበት። ኋላም ሌሎች ኮምፒዩተር በዘፈቀደ ያወጣቸውን ቁጥሮች ብቻ ወስደው ተመሳሳይ ሥዕል ሲወጣ አሳይተዋል። ማለትም ሰው ባይኖርም አላዋቂነቱ ራሱን ችሎ መቆም ይችላል። የእኔ ደንበኞች ይህን ክርክር ሰምተው አልተረዱትም፤ ግን ከመጀመሪያውም ያሉት ይህንኑ እንደነበር ነግረውኛል።

ደግሞም ያች ሁሉ ሰው የሚያውቃት ሥዕል አለች፤ መጀመሪያ ላይ ቀጥ ያለ የድንቁርና ተራራ፣ ቀጥሎ ገደል፣ ቀጥሎ የጥበብ ዳገት። በየሥልጠናው፣ በየአዳራሹ በፕሮጀክተር ትታያለች። በ1999ኙ ጽሑፍ ውስጥ ይህ ተራራ የለም። እዚያ ያለው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ከፍ የሚል፣ ተራራ የማይመስል መስመር ነው፤ ከታች ያሉትም ቢሆኑ ራሳቸውን ከላዮቹ በላይ አላስቀመጡም። ተራራውን ያቆሙት ጽሑፉን ያላነበቡ ሰዎች ናቸው። በእሱ ላይ ቆመውም «አላዋቂ በራሱ ይተማመናል» እያሉ ሌላውን ይገሥጻሉ። ለደንበኞቼ ከዚህ የበለጠ ምስክር ባመጣ ደስ ባለኝ፤ ግን አይገኝም።

ስለ ጤና ብዙ አልልም። ሐኪም ደም ይቀዳል፣ ሽንት ይጠይቃል፣ ራጅ ያዛል፣ ከዚያ «ውጤቱን እንጠብቅ» ይላል። ጎረቤት ግን በር ላይ ቆማ «ብርድ ነው» ትላለች፤ ብርድ ካልሆነ ምች ነው፤ ምች ካልሆነ ጨጓራ ነው። በሦስት በሽታ ብቻ አንድ ሰፈር ሙሉ ታክማለች። ዳማከሴው እስኪጨመቅ ድረስ ሐኪሙ ገና ካርድ እያስወጣ ነው።

ለማንኛውም ወደ ቅርቡ ጉዳይ ልምጣ። በምኖርበት የ40/60 ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ ወደ ላይኞቹ ፎቆች መውጣት አቆመ፤ ነዋሪዎች እሑድ ተሰበሰብን። አምስተኛ ፎቅ የምትኖር የውሃ ኢንጂነር አለች። ዕድል ተሰጥቷት ተነሳችና «ችግሩ ፓምፑ ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ የመስመሩ ግፊት ይለካ» አለች።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉ ሰብሳቢው።

«እሱ በሚገኘው ይወሰናል።»

ሰብሳቢው ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከኋላ ረድፍ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ እጃቸውን አወጡ። በምን ሙያ ጡረታ እንደወጡ በቃለ ጉባኤው አልተመዘገበም። «ይሄ ቀላል ነው» አሉ፤ «ሐሙስ ውሃ ይመጣል።» ተጨበጨበ። መዋጮ ተሰበሰበ፣ እሳቸውም የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ።

ሐሙስ ውሃ መጣ። የመጣው በሦስተኛው ፎቅ ኮርኒስ በኩል ነው፤ ውሳኔው ላይ በየት በኩል እንደሚመጣ አልተገለጸም ነበር። በቀጣዩ እሑድ ጋሼ ሪፖርታቸውን አቀረቡ፤ ሥራው ከታሰበው በላይ መከናወኑን ገለጹ፤ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪዎች ሲቀሩ ሁሉም አጨበጨቡ። ኢንጂነሯ ከዚያ ወዲህ ስብሰባ አልመጣችም። የሚቀጥለው አጀንዳ ሊፍቱ ነው። ጋሼን ትናንት ደረጃ ላይ አግኝቻቸው ስለዚሁ ጠይቄያቸው ነበር፤ ላይኛውን ክፍል ከፍተው እንዳዩት፣ ነገሩም የገመድ ጉዳይ ብቻ እንደሆነ፣ ከገመዶቹም አንዳንዶቹ ትርፍ እንደሚመስሏቸው ነግረውኛል።